ይበል

ዳዊት ደግሜ፣ ዕድሜዬ ገና አሥራ ሁለት ዓመት በሆነ ጊዜ፣ በጎጃም ከአንዲት የገጠር ደብር ቅጽር አጠገብ በነበረች የቅኔ ጉባኤ፣ ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ በትከሻዬ አንግቼ፣ ቀን ቁራሽ ስለምን ውዬ ማታ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጬ ያሳለፍኳቸው ሁለት ዓመታት፣ ከዚያ በኋላ ከተማርኩትና ካስተማርኩት ሁሉ ይልቅ ዛሬ በሲያትል ከተማ ዝናብ በሚያረጥበው መስኮቴ አጠገብ ሆኜ ሳስባቸው በልቡናዬ ጎልተው ይታዩኛል። በመምህርነት ዘመኔ ሁሉ ያስጨነቀኝ፣ ወጣት ተማሪ በትምህርት ቤት ወንበር ላይ በሥጋ ብቻ ሳይሆን በነፍሱም ጭምር እንዲገኝ የሚያደርገው ምንድን ነው የሚል ጥያቄ ነበር፤ መልሱ በዚያች ጎጆ ቀርቦልኝ ሳለ ሳላስተውለው ብዙ ዓመታት አለፉ።

የቅኔ ቤትን ሥርዓት ላልዋለበት አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ይገባኛል። በንባብ ቤትና በዜማ ቤት ደቀ መዝሙሩ ከአባቶች የወረደውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይቀበላል፤ በቅኔ ቤት ግን ግሡንና አገባቡን ከተማረ በኋላ፣ ከእርሱ በፊት ማንም ያልተናገረውን በየቀኑ ከራሱ ልብ አፍልቆ እንዲያመጣ ይጠየቃል። ጀማሪው ሁለት ቤት ባላት በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ፣ እያለም ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። ከቀትር በኋላ ተማሪው ሁሉ ወደየቁጥቋጦው፣ ወደየዛፉ ጥላ ተበትኖ ለብቻው ቅኔውን ይቆጥራል፤ ሲመሽ ተራ በተራ እየቀረበ ለየኔታ ይነግራል። የትናንቱን ዛሬ መድገም ነውር ነው፤ የሌላውን ሰርቆ ማቅረብም ከነውርም በላይ ነው። ቅኔው ሠምሮለት ምሥጢሩ የተገለጠ እንደ ሆነ፣ ጉባኤው በአንድ ድምፅ «ይበል!» ይላል።

እኔ ያን ከነውር የከፋውን ነውር ሠርቻለሁ። ከገባሁ ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ፣ ቆጠራው ቢጠፋኝ፣ አንድ ታላቅ ተማሪ ከዓመት በፊት የተቀኘውንና ከሌሎች አፍ የሰማሁትን ጉባኤ ቃና በልቤ ይዤ ቀረብኩና ልሳኔን አሳምሬ ተናገርኩ። የኔታ ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ጆሯቸው ግን የሰውን ድምፅ ብቻ ሳይሆን ድምፁ ከየት እንደ ተነሣ የሚያውቅ ይመስለኝ ነበር። ዱላ ጠብቄ አንገቴን ሰበርኩ። እርሳቸው ግን ጭራቸውን ከጉልበታቸው ላይ አኑረው፣ «ልጄ፣ ይህ ያንተ አይደለም፤ ያንተ ሲመጣ አደምጣለሁ» አሉና ቀጣዩን ጠሩ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ባዶ እጄን ቀረብኩ፤ በየማታው «ገና ነው?» ብለው ከመጠየቅ በቀር ሌላ ቃል አልጨመሩብኝም። በአራተኛው ቀን ከአንድ የወይራ ዛፍ ሥር ሆኜ፣ በለመንኩበት መንደር ስላባረረኝ ውሻ የተቀኘኋትን ሁለት ቤት ይዤ ቀረብኩ፤ ቤቷ የተወላገደ፣ ግሧም በአንድ ስፍራ የተሳሳተ ነበር። የኔታ አስደገሙኝ፤ ግሡን አቀኑልኝ፤ ከዚያም እንደ ታላቅ ባለ ቅኔ ቆጥረው «ይበል!» አሉኝ። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ የነገውን ስቆጥር አነጋሁ።

የኔታ በዕረፍት ሲለዩን ጉባኤው ተፈታ፤ እኔም አጎቴ ዘንድ ደብረ ማርቆስ ገብቼ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ትምህርት ቤት ተመዘገብኩ። በዚያ ወራት፣ በመስከረም 1955 ዓ.ም.፣ ወደ 280 የሚሆኑ የሰላም ጓድ አባላት ከአሜሪካ አዲስ አበባ ደርሰው፣ አብዛኞቹ መምህራን ሆነው በየጠቅላይ ግዛቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሰማሩ፤ ከመካከላቸው አንዱ፣ ጺሙን በወጉ ያላበቀለ ጎልማሳ፣ በኋላ እኛን ሊያስተምር መጣ። የመጀመሪያ ቀን አንድ አጭር ታሪክ አነበበልንና፣ «እናንተስ ስለዚህ ሰው ሥራ ምን ታስባላችሁ?» ብሎ ጠየቀን። አርባ የምንሆን ልጆች ጸጥ አልን። መልሱ ከመጽሐፉ ጠፍቶበት እኛን የሚለምን መስሎን ከልባችን አዘንንለት። በሳምንታት ውስጥ ግን ያ ሰው የሚጠይቀን መልሱን አጥቶት ሳይሆን የእኛን ፈልጎት እንደ ሆነ ገባን፤ እኔም ሳላውቀው የየኔታን ጆሮ በባዕድ ሰው ራስ ላይ እንደ ገና አገኘሁት።

እኔ ራሴ መምህር በሆንኩ ጊዜ፣ የሚያሳዝነው ነገር፣ ከሁለቱም የተማርኩትን ዘነጋሁ። ከስድሳ በላይ ተማሪ በተጠጋጋበት ክፍል፣ ጠመኔዬን ይዤ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር እሞላ፣ ልጆቹ ሲገለብጡ እቆይ፣ እሰርዝ፣ እንደ ገና እሞላ ነበር። ዝምታቸውን ትጋት ብዬ ጠራሁት። የማትሪክ ፈተና ቀርቦ ከደብተራቸው ያልተገለበጠ ጥያቄ በመጣባቸው ጊዜ ስንቶቹ እስክሪብቶ ነክሰው እንደ ተቀመጡ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያንን ማየቴን ለራሴ አልሰውረውም። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪውንም መምህሩንም በየገጠሩ በበተነ ጊዜ፣ የማስተማር ሥራዬ በአገሬ በዚያው ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ የሆነው የብዙ ሰው ታሪክ ስለ ሆነ አልዘረዝረውም፤ በሱዳን በኩል ወጣሁ፤ ሲያትል ገባሁ።

በዚህች ከተማ መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ በመኪና ማቆሚያ በር ላይ ገንዘብ መቀበል ነበር፤ በዚያው ሥራ ላይ ዜማ የዘለቁና ቅኔ ያስነገሩ ሊቃውንት አብረውኝ ሌሊቱን ሲያነጉ አግኝቻለሁ። ጥቂት ዓመታት ቆይቼ፣ ከአገራችንና ከጎረቤቶቻችን የሚመጡ ልጆች በደቡብ ሲያትል ትምህርት ቤቶች በበዙ ጊዜ፣ በአንዱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሁለት ቋንቋ የሚረዳ ረዳት መምህር ሆኜ ተቀጠርኩ። ሥራዬ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ እንግሊዝኛው ያልበሰለለትን ልጅ በጆሮው እያንሾካሾኩ ማገዝ ነበር። ከዚያ የኋላ ወንበር ያየሁት ከፊት ቆሜ በኖርኩበት ዘመን ካየሁት ይበልጣል፤ መምህር የሆነ ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ከክፍሉ ኋላ ቢቀመጥ ምንኛ በጠቀመው እላለሁ።

ፈጥኖ ያሳዘነኝ የዝምታ ነገር ነው። በእኛ ቤት ልጅ በታላቅ ፊት ዓይኑን ዝቅ አድርጎ ዝም ማለቱ ጨዋነት ነው፤ አስተዳደግ ይባላል። በአሜሪካ ክፍል ግን ዓይኑን የሰበረና እጁን የማያነሣ ልጅ ትምህርቱን የናቀ ወይም ያልገባው ተደርጎ ይቆጠራል፤ በክፍል መናገር ራሱ ነጥብ አለውና ከውጤቱም ይጎድልበታል። አንድ ቀን በወላጆች ጉባኤ አስተርጓሚ ሆኜ ስቀመጥ፣ መምህርቱ ስለ አንዲት ልጅ «ግድ የላትም» አለች፤ እናቲቱም ተርጉሜ ሳልጨርስ ደስ ብሏት፣ «የኔ ልጅ ጨዋ ናት፤ በመምህር ፊት ቃል አይወጣትም» አለችኝ። ሁለቱም ስለ አንዲት ልጅ አንድ ነገር አይተው ነበር፤ አንደኛዋ ጉድለት፣ ሁለተኛዋ ክብር ብላ ጠራችው፤ ልጅቱም በሁለቱ መካከል ጣቷን እያፍተለተለች ተቀምጣ ነበር። በዚያ ማታ የቃል ትርጉም ብቻ እንደማይበቃ ተረዳሁ። መምህርቱን አቆይቼ ልጅቱ የምታከብራት መሆኗን ነገርኳት፤ እናቲቱን እስከ አውቶቡስ ማቆሚያ ሸኝቼ፣ በዚህ አገር ልጅ መናገሩ መድፈር እንዳልሆነ በብዙ ምሳሌ ለማስረዳት ሞከርኩ። እናቲቱ አዳምጣኝ ስታበቃ፣ «አባባ፣ እኔ ልጄን በስንት መከራ ዝም ማለት አስተማርኳት፤ አሁን ደግሞ ተናገሪ ልበላት?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

አሁን ወደ አንድ ልጅ ታሪክ ልለፍ። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ በ2012 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አሥረኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ነበር። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ኮፍያውን እስከ ዓይኑ አውርዶ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ሰክቶ፣ ግንባሩን በጠረጴዛው ላይ አሳርፎ ይተኛል። መምህሩ ጥሩ ሰው ነበር፤ በከረሜላ ሞከረው፤ በጨዋታ ሞከረው፤ ለተሻለ ምላሽ ተለጣፊ ኮከብ ሰጠ፤ በመጨረሻም ተቆጥቶ ከክፍል አስወጣው። እኔ እናቱን አውቃት ነበር፤ ሌሊት በአውሮፕላን ማረፊያው ታጸዳለች፤ ልጁም እርስዋ እስክትመለስ ሁለት ታናናሾቹን አስተኝቶ፣ ቀስቅሶ፣ አብልቶ፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ እኛ የሚመጣው።

ስለ እንቅልፍ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በዚያን ጊዜ የሲያትል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእኛ ሰዓት ከጧቱ 1፡50 ይጀመር ነበር። በ2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የመግቢያው ሰዓት ወደ 2፡45 ተዛወረ፤ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንትም በሩዝቬልትና በፍራንክሊን ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች እጅ ላይ መለኪያ አስረው ከለውጡ በፊትና በኋላ አጠኑ። በ2018 የታተመው ጥናታቸው ልጆቹ በየሌሊቱ 34 ደቂቃ ተጨማሪ እንቅልፍ እንዳገኙ፣ በተጠናው ክፍል ውጤታቸው በመቶ 4.5 ከፍ እንዳለ፣ ከሁለቱ ትምህርት ቤቶች ብዙ ድኻ ተማሪ ባለበት በፍራንክሊንም የጧት መቅረትና ማርፈድ እንደ ቀነሰ አስረዳ። ሰነፍ ተብለው ከተወቀሱት ልጆች ስንቶቹ የደከሙ ብቻ ነበሩ! በማኅሌት መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው የሚያንቀላፉትን ያገሬን ልጆች አስታወስኩ፤ እነርሱን ግን ሰነፍ ያላቸው አልነበረም።

ወደዚያ ልጅ ልመለስና፣ እርሱ አሥረኛ ክፍል በነበረበት ዓመት በጸደይ ወራት፣ መምህሩ የግጥም ትምህርት ጀምሮ ልጆቹ ጭጭ ባሉበት ሰሞን፣ ከክፍል በኋላ ቀርቤ ስለ ጉባኤ ቃና ነገርኩት፤ ሁለት ቤት ብቻ እንደ ሆነች፣ ሰምና ወርቅ እንዳላት፣ አንዲት ቃል ሁለት ፊት ይዛ እንደምትቆም። እርሱም እውነተኛ መምህር ነበርና አላመነታም፤ በማግሥቱ ሰሌዳውን ለእኔ ለቀቀልኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያልያዝኩትን ጠመኔ የፈለገ እጄ ያገኘው የማርከር እስክሪብቶ ሆነ። ለልጆቹ ሥርዓቱን ነገርኳቸውና፣ እያንዳንዱ በቤቱ በሚነገረው ቋንቋ፣ ሁለት ትርጉም ያላት አንዲት ቃል ፈልጎ ሁለት ስንኝ ይዞ እንዲመጣ ጠየቅሁ። ከረሜላ የለም፤ ኮከብ የለም፤ ሰው የተናገረውን መድገም ግን ክልክል ነው አልኩ። ያ ልጅ ኮፍያውን ቀና አድርጎ አየኝ።

አንድ ቀን ባዶ እጁን መጣ፤ «ገና ነው?» አልኩት። ሁለተኛም ቀን እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ከደብተሩ የተቀደደች ወረቀት ይዞ ተነሣ፤ እንዲህም አነበበ፦

እናቴ ሌሊቱን ስትለፋ አደረች፤
ልጄማ ተማረ ብላ ተናገረች።

በአማርኛ ካነበበ በኋላ ወደ ሰሌዳው ሄዶ «ተማረ» የሚለውን ቃል በትልቁ ጻፈና ከሥሩ ሁለት ቀስት አወጣ። በአንደኛው ጫፍ ዕውቀት ገበየ፣ በሁለተኛው ጫፍ ምሕረት አገኘ የሚሉትን በእንግሊዝኛ ጻፈ። ከዚያም ፊቱን ሳያዞር፣ «እናቴ ተምሬአለሁ ብላ ለሰው ትናገራለች፤ እኔ ግን እስካሁን አልተማርኩም፤ እርስዋ ስለምትደክም ከድካም የተማርኩ ብቻ ነኝ» አለ። ያ ክፍል ጸጥ አለ፤ እኔ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ካወቅኋቸው ጸጥታዎች ግን ይህኛው ሌላ ነበር። መምህሩ እንደ ገና እንዲያነብለት ለመነው። በዚህ አገር ልጆች ግጥም ሲወዱ ጣታቸውን ያጮኻሉ፤ የሠላሳ ልጅ ጣት ጮኸ። እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ ሳላስበው በታላቅ ድምፅ «ይበል!» አልኩ፤ ትርጉሙን ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የክፍሉ ቃል ሆነ።

በሳምንቱ አንዲት የቬትናም ልጅ፣ ድምፅ ከፍና ዝቅ ሲል ትርጉሙ የሚለወጥ ቃል ከቋንቋዋ አምጥታ አያቷን አወሳች፤ የሶማሌ ልጆችም ግጥም በእነርሱ ዘንድ የአባቶች መሟገቻ መሆኑን እየተናገሩ በየተራ ቀረቡ። ሁሉም አልነቃም፤ ሁለቱ ልጆች እስከ ዓመቱ መጨረሻ አንድ ቃል ሳይጽፉ ቀሩ፤ የእነርሱን ቁልፍ ሳላገኝ መቅረቴ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። በዚሁ ከተማ በጋርፊልድ ትምህርት ቤት ገብቶ ትምህርቱን ሳይፈጽም የወጣው ዝነኛው ጊታር ተጫዋች ጂሚ ሄንድሪክስ ዛሬ ፓርክ በስሙ ተሰይሞለታል፤ በዚያ ፓርክ ባለፍኩ ቁጥር እነዚያ ሁለት ልጆች ትዝ ይሉኛል።

ወጣት የሚነቃው ሥራው ሲቀልለት ነው የሚሉ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ እኔ ይህን አልቀበልም። በ2011 ሬይነር ቢች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ተማሪው ተመናምኖ ይዘጋ ይሆን ተብሎ ሲሠጋለት ከኖረ በኋላ፣ ኢንተርናሽናል ባካሎሬት የተባለውን ከባድ ሥርዓተ ትምህርት ለድኻው ሰፈር ልጆች ከፈተ፤ ለእነዚህ ልጆች ይህ አይሆንም ያሉ ነበሩ፤ በቀጣዮቹ ዓመታት ግን ተመርቆ የሚወጣው ተማሪ በብዙ ጨመረ። ይህ ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረም። የኔታ የአሥራ ሁለት ዓመት ለማኝ ልጅ ከእርሱ በፊት ያልተነገረ ነገር ያመጣል ብለው አምነው በየማታው ጆሯቸውን አዘንብለው ይጠብቁ ነበር። ከዚያ የሚበልጥ ማክበር አላየሁም፤ ከዚያ የሚከብድ የቤት ሥራም አልተሰጠኝም።

ያ ባለ ኮፍያው ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ በሰኔ ወር በሲያትል መታሰቢያ ስታዲየም ተመረቀ። እናቱ ነጠላዋን ለብሳ፣ ከሌሊት ሥራዋ በቀጥታ መጥታ፣ በካፊያ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ስሙ ሲጠራ አልጮኸችም፤ አልተነሣችም፤ እጇን በአፏ ላይ ጭና ዓይኗን ዝቅ አደረገች።

እኔ ከሥራው በጡረታ ከተለየሁ ዓመታት ሆኑ፤ ጉልበቴም ደረጃ ያስፈራዋል። በዚህች ከተማ ግን፣ በመኪና ማቆሚያው፣ በታክሲው፣ በአውሮፕላን ማረፊያው፣ ቅኔ የዘረፋችሁ፣ ዜማ የዘለቃችሁ፣ አንድ ጊዜ እንኳ «ይበል» የተባለላችሁ ወገኖቼ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ስትቀኙ እሰማችኋለሁና። በደቡብ ሲያትል ያሉት ትምህርት ቤቶች ከምትኖሩበት ሩቅ አይደሉም፤ በሬይነር ጎዳና ባለው የኢትዮጵያውያን ኮሙኒቲ ማእከልም ልጆቻችን ይሰበሰባሉ። በሳምንት አንድ ሰዓት ስጧቸው። ከኋላ ወንበር ተቀመጡ፤ እንግሊዝኛችሁ ቢሰበር ግድ የለም። ልጁን ያንተን አምጣ በሉት፤ ሦስት ቀንም ቢቆይ ጠብቁት።